ላልታወቀ ጠያቂ የተጻፈ መልስ

በባህላችን ምክር የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚያልፍ ነው። አባት ልጁን፣ የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን፣ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ይመክራል። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ስንልም ንጉሡ መካሪዎቹን በስም እንደሚያውቃቸው ታሳቢ አድርገን ነው። ለማናውቀው ሰው የምንሰጠው ሌላ ነው፤ የመሸበት እንግዳ ያድራል፣ ሲነጋ መንገዱ ይነገረዋል፣ ይሄዳል። ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ ግን ኮምፒዩተር ከተባለው መሣሪያ ጋር ተያይዞ አንድ እንግዳ ልማድ ተፈጥሯል። ፊቱን ላላዩት፣ እውነተኛ ስሙን ለማያውቁት፣ ውለታም ይመልሳል ተብሎ ለማይጠበቅ ሰው ረጅምና ጥንቃቄ የተመላበት ምክር በጽሑፍ መስጠት ነው። ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ ፈጣሪዎቹና ስለ ባለጸጎቹ ሲተርኩ ይህን ልማድ በጥቂት መስመር ያልፉታል።

ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ገጠመኝ ስለ ሆነ አስቀድሜ ልንገረው። (ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እሰጣለሁ።) በ2006 ናይሮቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጐም እተዳደር በነበረበት ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ያጠራቀምሁት ሥራ በአንድ ቀን የማይነበብ ሆነ። አሮጌው ኮምፒዩተሬ ተበላሽቶ ሌላ ገዛሁ፤ ፋይሎቹን ከዲስክ ገልብጬ ስከፍታቸው «የእናቶች ጤና» የሚለው ርእስ በነበረበት ስፍራ የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶችና ቅንፎች ተደርድረው አገኘሁ። የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም የሸጠልኝ ሱቅ ተዘግቶ ነበር። የጠየቅኋቸው ወዳጆቼ ሁሉ «እንደገና ጻፈው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ሥራው አራት መቶ ገጽ ያህል ነበር።

የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒዩተር ስለ መጻፍ የሚነጋገሩ ሰዎች በኢንተርኔት በሚገናኙበት ስፍራ ችግሬን በአምስት መስመር ጻፍሁ። በማግሥቱ ስሙን በሁለት ፊደላት ያሳጠረ አንድ ሰው መለሰልኝ። ምክር ከመስጠቱ በፊት የጠየቀኝ ሦስት ነገር ነበር፦ የፕሮግራሙ ስም ማን ነበር? የስንተኛው ዙር ቅጂ ነበር? ፋይሉን በአዲሱ ኮምፒዩተር ከከፈቱት በኋላ መልሰው አስቀምጠውታል ወይስ ሳያስቀምጡ ዘግተውታል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጻፈው፤ መልሼ ካስቀመጥሁት የሚጠፋ ነገር እንዳለ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። አላስቀመጥሁም ነበር። በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ እንግዳ ምልክት የየትኛው ፊደላችን ምትክ እንደ ሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ላከልኝ። በዚያ ሠንጠረዥ መሠረት ከአራት መቶው ገጽ አብዛኛው ዳነ። ምን ልክፈል ብዬ ብጠይቀው ገንዘብ እንደማይፈልግ ገልጾ፣ ይልቁንም የሠራልኝንና ያልሠራልኝን ለይቼ ሁሉም በሚያየው በዚያው ስፍራ እንድጽፍ ለመነኝ። ምስጋናዬን በግል ልኬለት ስለ ነበር ልመናው ግራ አጋባኝ። ያ ልመና የቆየ ሥርዓት መሆኑን የተረዳሁት ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ ነው።

የታሪኩ ጫፍ በ1955 ይገኛል። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር በጥቂት ተቋማት ብቻ የሚገኝ፣ አንድ ሰፊ ክፍል የሚይዝ ማሽን ነበር። አምራቹ አይ ቢ ኤም ከማሽኑ ጋር የሚያስረክበው ፕሮግራም ጥቂት ስለ ነበር፣ ገዢው ሁሉ የራሱን ፕሮግራም ከሥሩ ጀምሮ መጻፍ ነበረበት። አውሮፕላን ሠሪው ሎክሂድ በወራት ድካም የጻፈውን ተፎካካሪው ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽንም በወራት ድካም እንደገና ይጽፋል ማለት ነው። በኦገስት 1955 የእነዚህና የመሰሎቻቸው ድርጅቶች ባለሙያዎች በካሊፎርኒያ ተሰብስበው «ሼር» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ቃሉ መካፈል ማለት ነው። በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች የጻፉትን ፕሮግራም ተቀያየሩ፣ ያገኙትን ስሕተት ተነጋገሩ። እነርሱ ግን በስብሰባ የሚተያዩ ባልደረቦች ነበሩ፤ እንግድነቱ ገና አልመጣም።

በ1969 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የሚደግፈው አርፓኔት የተባለው የኮምፒዩተሮች መረብ ሊዘረጋ ሲል፣ ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ደንብ የማዘጋጀቱ ሥራ በአብዛኛው በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ላይ ወደቀ። ከእነርሱ አንዱ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስቲቭ ክሮከር ነበር። የውይይቱን ማስታወሻ የጻፈው በሰው ቤት በእንግድነት ባደረበት ሌሊት፣ አስተናጋጆቹን ላለመቀስቀስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መሆኑን ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተርኳል። በኤፕሪል 7 ቀን 1969 የወጣው ይህ ማስታወሻ «አስተያየት መጠየቂያ» የሚል ስም ተሰጠው። ተማሪዎቹ ይህን ስም የመረጡት ሥልጣን እንደሌላቸው ስለ ተሰማቸው፣ ሌሎችን ያዘዙ መስለው እንዳይታዩ በመሥጋት ነበር። በዚያው ወር የወጣው ሦስተኛው ማስታወሻ፣ ሐሳቡ ባይበስልም ጽሑፉ በጊዜው ይውጣ፣ ትንሹ ርዝመትም አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን የሚል ደንብ ያዘ። እንደ ተርጓሚ ሳየው፣ የኢንተርኔት ደንቦች ሁሉ የሚጻፉበት የጽሑፍ ዓይነት በትሕትና ቃል መጀመሩ ደስ ያሰኛል። ዛሬም ስሙ ያው ነው፤ ምንም እንኳ አሁን ብዙዎቹ አስተያየት የሚጠይቁ ሳይሆኑ የጸና ደንብ ቢሆኑም።

ወደ አርፓኔት መግባት ግን ለተመረጡ ተቋማት ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1979 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ፣ በአጎራባቹ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም ስቲቭ ቤሎቪን፣ በር የተዘጋባቸው ሰዎች የሚገናኙበትን መንገድ አሰቡ። ዩዝኔት ተብሎ የተሰየመው መረባቸው እጅግ ቀላል ነበር። አንዱ ኮምፒዩተር ለሌላው በተራ የስልክ መስመር ይደውላል፤ የተጠራቀመውን ጽሑፍ ያስተላልፋል፤ ያም ለሚቀጥለው ያቀብላል። ብዙው ጥሪ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት ይደረግ ስለ ነበር፣ ዛሬ የተጻፈ ጥያቄ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሩቅ ከተማ ይደርሳል። መሥራቾቹ «የድሃው አርፓኔት» ይሉት ነበር፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ ቢተላለፍበት ነው ብለውም ገምተው ነበር። ግምታቸው ፈጽሞ ተሳሳተ።

እንግድነቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ማሽኑ ያስቸገረውን ነገር ይጽፋል፤ ጽሑፉ ማን ዘንድ እንደሚደርስ አያውቅም። የሚመልስለትም ሰው ጠያቂው ፕሮፌሰር ይሁን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አያውቅም። ወዲያውም ሁለት ችግሮች ተከተሉ። የመጀመሪያው፣ ሃምሳ ሰው ያንኑ መልስ ሃምሳ ጊዜ ሲጽፍ የስልኩ ወጪ መናሩ ነው። ስለዚህ መላሾች መልሳቸውን ለጠያቂው ብቻ በግል እንዲልኩ፣ ጠያቂው ደግሞ የተላኩለትን ሁሉ አንብቦ፣ አጣርቶ፣ የሠራለትን በአንድ ማጠቃለያ ለሁሉ እንዲያወጣ ልማድ ሆነ። በኦክቶበር 1995 የኢንተርኔት ጨዋነት ደንብ ተብሎ በወጣው 1855ኛው «አስተያየት መጠየቂያ» ውስጥ ይህ ልማድ በጽሑፍ ሰፍሯል፦ ጥያቄ የጠየቀ ማጠቃለያ ያውጣ፤ ሲያወጣም የደረሱትን ደብዳቤዎች እንዲሁ ከምሮ አይደለም። ያ ሠንጠረዥ የላከልኝ ሰው የለመነኝ እንግዲህ ይህንኑ ነበር። የምክሩ ዋጋ ለመካሪው የሚከፈል ሳይሆን ገና ላልመጣው ለሦስተኛው ሰው የሚቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ችግር መሰልቸት ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የናሳ ባልደረባ የነበረው ዩጂን ሚያ፣ ስለ ጠፈር በሚደረግ ውይይት ተደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሰብስቦ በየጊዜው ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ከባንክ እስከ ኤምባሲ በየድረ ገጹ «ተዘውትረው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የሚለው ርእስ የመጣው ከዚህ ነው። በእኛም ሀገር ቀለም ቆጥሮ ቆሞ ያስመረመረ የመጻሕፍት መምህር፣ ተማሪው ሊጠይቅ የሚችለውን አስቀድሞ «አንድም» እያለ ያዘጋጃል። ልዩነቱ እዚያ ጠያቂው ከመምህሩ እግር ሥር መቀመጡ ነው።

ታሪኩን አሳምሬ እንዳላቀርብ፣ በዚያ ዓለም ቸርነት ብቻ አልነበረም። ሳያነብ ለሚጠይቅ ሰው የሚወረወር፣ በአራት የላቲን ፊደላት ያጠረ አንድ ስድብ አዘል መልስ ነበር፤ ትርጉሙ፣ ስድቡን ትቼ፣ «መመሪያውን አንብብ» ማለት ነው። የሚገርመው፣ የተዘወተሩ ጥያቄዎች መልስ ሁሉ ይከማችበት የነበረው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኘው ኮምፒዩተር በዚሁ ስድብ ምኅጻረ ቃል ተሰይሞ ነበር። ስድቡንና ስጦታውን በአንድ ቤት አሳድረዋቸዋል ማለት ነው። እኔ ራሴ በእንግሊዝኛ የጠየቅሁት ጥያቄ በስድብ የተመለሰበት ጊዜ አለ፤ ስድቡ ግን ማንበብ የሚገባኝን ገጽ ቁጥር ይዞ ስለ ነበር ዋጥሁት።

ልማዱ በሙሉ ኀይሉ የታየው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊኑስ ቶርቫልድስ ጉዳይ ይመስለኛል። በጁላይ 3 ቀን 1991፣ ዕድሜው ሃያ አንድ ሳለ፣ ፖዚክስ የተባለውን የሥርዓተ ክወና ደንብ ጽሑፍ የት እንደሚያገኝ በዩዝኔት ላይ ጠየቀ። ከተከታተሉት ሰዎች አንዱ አሪ ሌምኬ የተባለ ፊንላንዳዊ ነበር፤ ወጣቱ ሥራውን ለሕዝብ የሚያኖርበት ስፍራ በአንድ የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ሰጠው። በኦገስት 25 ቀን ቶርቫልድስ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚሠራው ሥርዓተ ክወና እንዳለው ገልጾ፣ ሰዎች በሚኒክስ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ ጠየቀ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያወጣ ሥራውን «ፍሪክስ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ሌምኬ ግን ስሙን ስላልወደደው የማስቀመጫውን ስፍራ «ሊኑክስ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ የዓለም አያሌ የመረብ ኮምፒዩተሮችና በአንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮች ሁሉ የሚቆሙበት ሥርዓት ስሙን ያገኘው ጥያቄ አንብቦ ሊረዳ ከተነሣ ሰው ነው።

ከ1993 መጨረሻ እስከ 1994 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ትልልቅ የንግድ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በብዛት ወደ ዩዝኔት አስገቡ። ቀድሞ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገቡ ነባሮቹ ለጥቂት ሳምንታት ሥርዓቱን ያስተምሯቸው ነበር። አሁን የሚመጣው ሰው ስላላባራ ያ ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» ተባለ። ነባሮቹ እስከ ዛሬ በቁጭት ያወሱታል። እኔ ቁጭታቸውን አልጋራም፤ እኔም ዘግይቼ በዚያው በተከፈተው በር የገባሁ ነኝና።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ ተመሳሳይ ነገር በስልክ መስመር ተጀምሮ ነበር። በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው ፊዶኔት፣ እንደ ዩዝኔት ሁሉ ደብዳቤን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በስልክ የሚያቀባብል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ፣ በናይሮቢም መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ይህን ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1997 ነው። በእነዚህ መስመሮች ላይ ግን ፊደላችን አልነበረም፤ የሚተላለፈው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ የኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ የሚይዘው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ሲሆን ግማሹ አስቀድሞ በላቲን ፊደላትና በማሽኑ ትእዛዛት ተይዟል። የእኛ ከሀ እስከ ፐ ያለው ብቻ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪው ሁሉ የየራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፈለው፣ ሌላው እግርና ቀለበት እየለየ ቀጠለው፤ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ማንበብ አይቻልም ነበር። የእኔ አራት መቶ ገጽ የዚያ ዘመን ሙት ልጅ ነው።

ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት ለዚህ የመጀመሪያውን መላ ሰጠ። ስሙ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው፤ በአማርኛ ግን «ሴራ» መሆኑን እያሰቡ ፈገግ ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም። ማንኛውም የላቲን ኪቦርድ ያለው ሰው አማርኛን ሳያዛባ እንዲጽፍና ሌላው ያለ ጥርጥር ወደ ፊደል እንዲመልሰው ያስችላል። ትንሹ ቲ ተ፣ ትልቁ ቲ ጠ ይሆናል፤ ኤክስ የሸ ምትክ ነው፤ አናባቢ ያልተከተለው ተነባቢ ሳድስ ነው። ሕጉ ለሁሉም ተገልጦ የተጻፈ ስለ ነበር ፈቃድ ሳይጠይቅ የወሰደው ሊሠራበት ይችል ነበር።

ከወሰዱት አንዱ በጃፓን ጹኩባ ከተማ በኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ናኦቶ ታካሃሺ ነው። ኢማክስ ለተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የግእዝ ፊደል መጻፊያና የሴራን ጽሑፍ ወደ ፊደል መለወጫ ጻፈ፤ ሥራው በ1997 በወጣው ኢማክስ ሃያ ውስጥ ተካተተ። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ በዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የሚዘረዝር አንድ ፋይል አለ፤ የአማርኛው «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። የቅኔ ቤት ሰው ካየው በእሳቱ ሰ ነው ብሎ ይቈጣል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ያንን መስመር ባየሁ ቁጥር፣ ፊደላችንን አንድ በአንድ ተከትሎ ከማሽን ጋር ያስማማ ጃፓናዊ ይታየኛል፤ ለንጉሡም ለእሳቱም ልቤ አይጨክንም።

በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደንብ ከሦስት መቶ የሚበልጡ የግእዝ ምልክቶችን ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በማንኛውም ማሽን አማርኛ ሆኖ ይነበባል። ከዚያ በፊት የተጻፈውን የማዳን ሥራ ግን የማንም ኀላፊነት አልነበረም። እኔ እንዳጋጠመኝ የሠራው ሰው የሠራው በትርፍ ሰዓቱ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ፣ ለማያውቀው ጠያቂ ነው።

ልማዱን ያኖሩት ስፍራዎች አሁን አንድ በአንድ እየደበዘዙ ነው። በ1995 የዩዝኔትን ጽሑፎች መሰብሰብ የጀመረው ዴጃ ኒውስ ክምችቱን በ2001 ለጉግል ሸጠ፤ ጉግልም በፌብሩዋሪ 2024 አዲስ የዩዝኔት ጽሑፍ መቀበል አቆመ። በ2008 ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ የመሠረቱት ስታክ ኦቨርፍሎው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ መጠያየቂያ ሆኖ ነበር። ቻት ጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ በኋላ የሚጠየቅበት ጥያቄ በእጅጉ ቀነሰ። መሣሪያው የሠለጠነበት ጽሑፍ ሰዎች በነጻ የጻፏቸውን እንዲህ ያሉ መልሶች ይጨምራል። በሜይ 2024 ድርጅቱ ከኦፕን ኤ አይ ጋር መዋዋሉን ሲያስታውቅ፣ አንዳንድ መላሾች ለዓመታት የጻፉትን ሊሰርዙ ሞከሩ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ለመሰረዝ ቢቻላቸው ኖሮ የሚጐዳው ድርጅቱ ሳይሆን ነገ የሚመጣው ጠያቂ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። የእኛ ሰው ርኅራኄ አያንሰውም፤ ናይሮቢ ውስጥ ስልኩ እምቢ ያለው ሰው አንድ ወዳጅ ጋ ይደውላል፣ ያም ሌላ ባለሙያ ያገናኘዋል፣ በግማሽ ሰዓት ነገሩ ይፈታል። ነገር ግን መልሱ በስልክ ተነግሮ ወይም በግል መልእክት ተጽፎ ያልፋል። ሦስተኛው ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ለሠላሳ ዓመታት የተጠራቀመው ማጠቃለያ በአማርኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ማሽኑም ቢሆን ያልተጻፈውን ሊያነብ አይችልም።

እኔ በ2006 ማጠቃለያዬን በአንድ ገጽ ጽፌ አወጣሁ፤ የትኞቹ ፊደላት በሠንጠረዡ እንደ ተመለሱ፣ የትኞቹ እንዳልተመለሱ ዘረዘርሁ። ያ ስፍራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ ገጹም አብሮ ጠፋ። ሠንጠረዡን ግን በወረቀት አትሜ አስቀምጬው ነበር። በ2019 አንድ የማላውቀው ሰው፣ የሟች አባቱን የግጥም ፋይሎች መክፈት አቅቶት በአንድ ወዳጄ በኩል አገኘኝ፤ የተጻፉበት ፕሮግራም ያው የእኔ ነበር። «ከከፈቱት በኋላ መልሰው አስቀምጠውታል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አላስቀመጠም። ወረቀቱን እንደገና በዩኒኮድ ጽፌ ላክሁለት፤ ክፍያ ሲያነሣብኝም የሠራለትንና ያልሠራለትን ለይቶ ሰው በሚያየው ስፍራ እንዲያወጣ ለመንሁት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አውጥቶት አነበብሁ። ግጥሞቹ ከሁለቱ በቀር ተነብበዋል፤ በሠንጠረዡ ላይ «ጿ» ያልሁት ምልክት ደግሞ «ጧ» ኖሯል።